ሲነበብ የሚቀል መጽሐፍ

በከተማችን መዛኝ እኔ ብቻ ነኝ። በርበሬ እመዝናለሁ፣ ጌሾ እመዝናለሁ፣ ሰም እመዝናለሁ። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ሲፋቱ የፍራሻቸውን ጥጥ እኩል መዝኜ አካፍያቸዋለሁ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ጎድሎብኛል ይላሉ። ሚዛኔ ባለ ሁለት ሰሃን ነው፣ የአባቴ ነበር። ስሜ ስንሻው ነው። ይህን ሁሉ የምናገረው የንባብ ሊቅ እንዳልነበርኩ ከወዲሁ እንድታውቁልኝ ነው። የንባብ ሊቅ ያደረገኝ አንድ ደብዳቤ ነው።

በአገራችን ከላይኛው ቤት የሚመጣ ደብዳቤ ቆመው፣ ባርኔጣ አውልቀው፣ ድምፅ ከፍ አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ ያነቡታል። ሁለተኛ ማንበብ ክልክል ነው። ደብዳቤ የደገመ ሰው «ደብዳቤ አማ» ይባላል። መጀመሪያ ሲነበብ አልገባኝም ማለት ላኪው አጥርቶ መጻፍ አይችልም ማለት ነውና። ስለዚህ ደብዳቤው አንዴ ከተነበበ በኋላ ይታጠፍና የብረት ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኑ ላይ ዘበኛ ይቀመጥበታል። ዘበኛው ማንበብ የማይችል መሆኑ በቅድሚያ ይረጋገጣል።

ያን ዓመት የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። «ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች የተጀመረው የንባብ ፕሮግራም በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ይመዘን። ለዚሁም ብቁ መዛኝ ይመደብ» ይላል። ያነበበው ሊቀ ገጽ አዝመራው ነው። ሊቀ ገጽ ማለት በከተማው ውስጥ ያለ ማንኛውም ወረቀት ሁለት ገጽ እንዳለው የማረጋገጥ ሥልጣን የተሰጠው ሹም ነው። ንባብም በእርሱ ሥር ነው፣ ምክንያቱም ንባብ ገጽ ላይ የሚደረግ ነገር ነው።

በማግስቱ ሁለት ዘበኞች ገበያ መጥተው ከነሚዛኔ ወሰዱኝ።

«መዛኙ አንተ ነህ?» አለኝ ሊቀ ገጽ።

«ነኝ ጌታዬ።»

«ብቁ ነህ?»

«ከአንድ ባልና ሚስት በቀር ቅሬታ ያቀረበብኝ የለም።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የንባብ መዛኝ ነህ። ንባቡን ትመዝናለህ።»

ሰሃኖቼን አየኋቸው። «ጌታዬ፣ ምናልባት ደብዳቤው ይመዘን ያለው በሌላ ትርጉም ይሆን እንዴ? ልጆቹ ምን እንዳነበቡ መጠየቅ፣ ምን ያህል እንደገባቸው...»

«ደብዳቤውን ልታማ ነው?»

«ኧረ አላማሁም ጌታዬ።»

«ሚዛንህን አዘጋጅ።»

ንባብን በምን ሰሃን ላይ እንደማስቀምጠው ለመወሰን ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተሰየመ፤ ሊቀ ገጽ ሰብሳቢ፣ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ጸሐፊ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁልጊዜ ለመስማማት የተመደበ ሰው ነበር። መጀመሪያ ልጆቹ ይመዘኑ ተባለ። ንባብ ወደ ሰው የሚገባ ነገር ከሆነ፣ ያነበበ ልጅ መክበድ አለበት። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አምጥተው መዘንኩት፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሃያ ገጽ አነበበ፣ መሐል ላይ አስፈቅዶ ወደ ሽንት ቤት ወጣ፣ ተመልሶ ጨረሰ፣ መዘንኩት። ቀሏል። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ «ንባብ ልጅን ያቀላል» ብሎ ጻፈ። ሊቀ ገጽ ይህ ለላይኛው ቤት የሚላክ ነገር እንዳልሆነ ተረድቶ ልጁን አሰናበተው።

ያኔ ነው መጽሐፉ ይመዘን የተባለው። ሐሳቡ የጸሐፊው ነው፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለሚሰማው ሰው እንከን አልነበረውም። ልጁ ያነበበው ከመጽሐፉ የወጣ ነው። የወጣ ነገር ያጎድላል። ስለዚህ የተነበበ መጽሐፍ ይቀላል። የቀለለውን ያህል ልጁ አንብቧል። ከመጽሐፍ የወጣ ሁሉ ወደ ልጅ እንደገባ ይቆጠራል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፣ ሦስተኛው ሰውዬ ተስማማ፣ ተፈረመ።

በከተማችን ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር። ለእያንዳንዳቸው አርባ አርባ መጽሐፍ ተሰጠ። ሁሉንም መዘንኳቸው፤ የሁለቱም አርባ አሥራ ሁለት ኪሎ መጣ። ከሦስት ወር በኋላ የበለጠ የቀለለለት ትምህርት ቤት ሰማንያውንም ይወስዳል። የተሸነፈው የንባብ ክፍሉን ያስረክባል፤ ክፍሉ የቃለ ጉባኤ ማረፊያ ይሆናል። የሊቀ ገጽ ቃለ ጉባኤዎች በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ለዓመታት ቆመው ስለነበር ማረፍ ይገባቸዋል ተብሎ ነበር።

የታች ሰፈር የንባብ ክፍል ድሮ የበቅሎ ጋጥ ነው። መምህርት እማዋይሽ በገዛ እጇ ጠርጋ፣ ኖራ ቀብታ፣ ገለባ የሞላ ጆንያ ደርድራበት ክፍል አደረገችው። ቀጭን ሴት ናት፣ ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ ይላል። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ልጆች ሰፈሩን ሞልተውት ነበር፤ ያ ክፍል ከተከፈተ ወዲህ ስልሳ ሁለት ልጆች ሳይቀሩ መጡ። የክፍሉ ደንብ አንድ ነው፤ ያነበበ ይናገራል። አንድ ልጅ መጽሐፉን ሲጨርስ በቅሎዎቹ ይበሉበት የነበረው ግርግም ላይ ወጥቶ ታሪኩን ይተርካል። ሌሎቹ በፈለጉት ቦታ ያቋርጡታል። «ስሟ ማን ነው?» «ለምን አልሸሸም?» «ዋሽተሃል፣ እዚያ ላይ ዝናብ አልነበረም።» አንብቤአለሁ ብሎ ያላነበበ ልጅ ግርግሙ ላይ ሁለት ደቂቃ አይቆይም።

ያ ክፍል ከተወሰደባት ልጆቹ ወደየት እንደሚሄዱ እማዋይሽ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ከስድስተኛ ክፍል የቀሩትን ገበያ ውስጥ በርበሬ ሲያራግፉ የማያቸው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ሚዛኔን ተሸክሜ ለቁጥጥር ወጣሁ። የላይ ሰፈሩ ርእሰ መምህር አቶ ጥላዬ መጽሐፎቹን ፀሐይ የሚመታው ባለ መስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፏቸዋል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። «ልጆች ከነኳቸው ይበላሻሉ» አለኝ። መጽሐፎቹ ደርቀው ሲነኳቸው ይንኮሻኮሻሉ። ሁለቱን ብል ገብቶባቸዋል። ሦስት መቶ ግራም ቀንሰዋል።

የታች ሰፈሮቹን ስመዝን ሰሃኑ በሌላ በኩል ሄደ። ደግሜ መዘንኩ። መጽሐፎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ የከረሙ ናቸው። የሽሮ ጠብታ አለባቸው፣ ቅቤ የነካው ጣት አለባቸው፣ የተቀደደው ገጽ በዱቄት ሙጫ ተለጥፏል፣ ልጆቹ እንዳይላላጡ ብለው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለብጠዋቸዋል። አንዱ ውስጥ ለምልክት የገባ የዶሮ ላባ ነበር። አርባው ባንድ ላይ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ጨምሯል።

ለኮሚቴው ያየሁትን ተናገርኩ። ሊቀ ገጽ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን ተመለከተ።

«ከበደ ማለት የሆነ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው» አለ በመጨረሻ። «ከየት ሊገባ ይችላል? ከልጆቹ ነው። የላይ ሰፈር ልጆች እያነበቡ ነው። የታች ሰፈር ልጆች ግን እየተነበቡ ነው።»

ሦስተኛው ሰውዬ ተስማማ።

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰው። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ገበያ ይዘውብኝ መጡ። «ጋሽ ስንሻው፣ እስኪ ይቺን ልጅ እያት፣ ምን ያህል ሄዶብኛል?» ይላሉ። መዝኜ ምንም አልሄደም ስላቸው አያምኑኝም። «ፊቷን አታይም? ድሮ ስልካት ትሄድ ነበር፤ ዛሬ ለምን ትለኛለች» አለችኝ አንዷ።

እማዋይሽ ሊቀ ገጽ ዘንድ ገባች። የዚያን ዕለት የበርበሬ ምርመራ ወረቀት ላስፈርም ሄጄ ስለነበር ሰምቻለሁ።

«ክቡር ሊቀ ገጽ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው» አለች። ድምጿ ዝቅ ብሏል። «ደብዳቤው አንዴ እንደገና ይታይልኝ። ምዘና ማለት መጠየቅ ነው። አንዱን ልጅ ጠርተው ያነበበውን ይጠይቁት።»

«ደብዳቤው ላይ ጠይቁ የሚል ቃል ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«ይመዘን የሚልስ?»

«ሰምቻለሁ።»

«መምህርት፣ እኔ ላንቺ አዝናለሁ» አለ ሊቀ ገጽ፣ ያዘነም ይመስላል። «ልጆችሽ ወደ መጽሐፍ እየፈሰሱ ነው። ክፍሉን ቶሎ ብትዘጊው ለነሱም ጤና ነው።»

ከዚያ ወጥታ ቀጥታ ወደ እኔ መደብ መጣች። በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ሁለት ጊዜ አስነጠሳት።

«ጋሽ ስንሻው፣ ሚዛኑን ያዘንብሉልኝ አልልዎትም።»

«ብትዪም አላዘነብልም።»

«አውቃለሁ። ግን እርስዎ የሚዛን ሰው ነዎት። አንድን ነገር የሚያቀል ምንድን ነው?»

ጥያቄው አስገረመኝ። ሠላሳ ዓመት መደቤ ላይ ስቀመጥ ለማክበድ እንጂ ለማቅለል የመጣ ሰው አላውቅም። በርበሬውን ውኃ ይረጩታል፣ ሰሙ ውስጥ ጠጠር ይጨምራሉ፣ ጌሾውን ከነግንዱ ያመጡታል። አንድ ሰው ማር ውስጥ ብረት ሲደብቅ ይዤዋለሁ። ለማቅለል ግን ማንም አልመጣም።

«ማድረቅ ነው» አልኳት። «አለዚያ ደግሞ ማውጣት ነው።»

«ማድረቁን አቶ ጥላዬ ቀድሞናል» አለችና ተነስታ ሄደች።

ቀሪውን የሰማሁት ከእርሷም ከልጆቹም ነው። ወደ ክፍሉ ተመልሳ ነገሩን እንዳለ ነገረቻቸው፤ ልጆችን የማታለል ልማድ የላትም። ከመሐላቸው ፋናዬ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። ፋናዬ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት፤ ያልገባትን ነገር ገባኝ ስትል ሰው ሰምቶ አያውቅም።

«እትዬ፣ የተነበበው ከመጽሐፉ ወጥቷል ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አናወጣውም?»

«ምኑን?»

«የተነበበውን ገጽ።»

እማዋይሽ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ፋናዬ ደግሞ ያልገባት መስሏት ማብራራቷን ቀጠለች። «አንብቦ የተናገረ ልጅ ገጹን በምላጭ ቆርጦ ቤቱ ይወስዳል። ያልተናገረ አይቆርጥም። እንደዚያ ከሆነ አልዋሸንም። ያነበብነው ነው የሚወጣው።»

«መጽሐፉስ?» አለ አንድ ልጅ።

«መጽሐፉ እኛ ቤት ነዋ።»

እማዋይሽ ምላጩን ለመግዛት ሦስት ቀን ፈጀባት። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ አንድ ጀልባ ሠሪ የሚተርክ ነበር። ሰውየው ሃያ ዓመት ሠርቶ ሲጨርስ ጀልባው ከወንዙ ሰፍቶ ይገኛል። ፋናዬ ግርግሙ ላይ ወጥታ ተረከችው፤ ስልሳ አንድ ልጅ አቋረጣት፤ አልወደቀችም። እማዋይሽ ምላጩን ያዘች፣ መጽሐፉን ከፈተች፣ የመጀመሪያውን ገጽ ጥግ በሁለት ጣቷ ያዘች፣ ከዚያ አልቻለችም። ያንን መጽሐፍ በዱቄት ሙጫ የጠገነችው ራሷ ነበረች። ምላጩን ለፋናዬ ሰጠቻትና ወደ ውጭ ወጥታ ግድግዳውን ደግፋ ቆመች። የወረቀቱን ድምፅ ከዚያም ሆና ትሰማው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በታች ሰፈር አዲስ ነገር መታየት ጀመረ። የጀልባ ሠሪው ታሪክ ገጾች አንብበው ለተረኩት ልጆች ሁሉ ተከፋፈሉ፤ መጀመሪያው እነ ፋናዬ ቤት ነው፤ መሐሉ ከድልድዩ ማዶ ቆዳ ፋቂው ቤት፤ መጨረሻው የደወል ደዋዩ መንትያ ሴት ልጆች ዘንድ። አንድ ልጅ አንዱን ገጽ ጨርሶ ወደ ሌላው ለማለፍ አንድ ሰፈር መሮጥ አለበት። ከትምህርት መልስ መንገዱ በጩኸት ይሞላል፤ «አርባ ስምንት እናንተ ጋ ነው?» «አይ፣ የእኛ አርባ ስድስት ነው፣ አርባ ስምንት ወፍጮ ቤት ጠይቅ።» ትልልቅ ሰዎችም አልቀሩም። የፋናዬ አባት ቤቱ የደረሰውን ገጽ አሥራ ሁለትን ዘጠኝ ጊዜ ካነበበ በኋላ አንድ ቀን መደቤ ድረስ መጥቶ፣ ሰው እንዳይሰማው አጎንብሶ፣ «ስንሻው፣ አሥራ ሦስት ማን ጋ እንዳለ ታውቃለህ?» አለኝ። ሰውየው እርሻው ላይ እንኳ ጎረቤት ሲጠራው ቀና የማይል ነው።

የመጨረሻው ምዘና በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። ከተማው ሁሉ መጥቷል። እማዋይሽ ከኋላ ግድግዳ ሥር ቆማለች፤ የክፍሉን ቁልፍ እንድታመጣ ታዝዛ ይዛው መጥታለች፣ እጇ ላይ ይታያል።

የላይ ሰፈሩን መጀመሪያ መዘንኩ። አሥራ አንድ ኪሎ ከመቶ። ብል ከገባባቸው አንዱን ሊቀ ገጽ ከፍ አድርጎ ለሕዝብ አሳየው፤ ወንፊት ሆኗል፤ በቀዳዳው ውስጥ የሊቀ ገጽ ዓይን ይታያል። «እዩ፣ ይህን ያህል የተነበበ መጽሐፍ በዘመኔ አላየሁም» አለ። አቶ ጥላዬ ኮቱን አስተካከለ።

ከዚያ የታች ሰፈሩ ጆንያ መጣ። አንድ ልጅ በአንድ እጁ ነው ያመጣው። ሰሃኑ ላይ ደረደርኳቸው። ሌላው ሰሃን ላይ ያለው ድንጋይ አልተነሳም። ድንጋይ ቀነስኩ። አሁንም አልተነሳም። እየቀነስኩ፣ እየቀነስኩ መጥቼ ሰሃኖቹ ትክክል ሲቆሙ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም።»

ሊቀ ገጽ አንዱን አነሳና ከፈተው። ሽፋን ነው። ሁለተኛውን ከፈተ። ሽፋን ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው ጌታዬ» አለች እማዋይሽ።

«ውስጡስ?»

«ተነበበ።»

«ቀደዱት እንጂ» አለ አቶ ጥላዬ። «የምላጩ ምልክት ይታያል። ማንበብና መቅደድ አንድ ሆነ እንዴ?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሊቀ ገጽ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አወጣ፤ ቃለ ጉባኤ ከደብዳቤ የሚለየው ሁለቴ ሊነበብ መቻሉ ነው። «ከመጽሐፍ የወጣ ሁሉ ወደ ልጅ እንደገባ ይቆጠራል ይላል» አለ። «በምን መንገድ እንደሚወጣ አይልም።»

ሊቀ ገጽ ቆመ። ፊቱን እያየሁት ነበር። በአንድ በኩል አርባ ባዶ ሽፋን ነው። በሌላ በኩል የራሱ ፊርማ ነው። ባዶውን ባዶ ነው ካለ ሚዛኑ ስህተት ነው ማለት ነው። ሚዛኑ ስህተት ከሆነ ደብዳቤውን ሲያነብ ተሳስቷል። እርሱ ከተሳሳተ ደብዳቤው እንደገና መነበብ አለበት። እማዋይሽ ቁልፉን አጥብቃ ይዛለች።

«ሙሉ በሙሉ ተነብቧል» አለ ሊቀ ገጽ። «ታች ሰፈር አሸነፈ።»

ሦስተኛው ሰውዬ ተስማማ።

ክፍሉ ቀረላቸው። የላይ ሰፈሩ አርባ መጽሐፍም ደረሳቸው፤ ከሁለቱ በቀር የሚነበቡ ነበሩ። ልጆቹ እነዚያን አንድም ገጽ ሳይቆርጡ ቁጭ ብለው ማንበብ ጀመሩ። እማዋይሽ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝታኝ ሳቀችልኝ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለን።

ሪፖርቱ ግን ላይኛው ቤት ደርሶ ኖሯል። በአገሪቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ኪሎ ወደ ሁለት ኪሎ ያወረደ ከተማ የእኛ ብቻ ነው። ላይኛው ቤት ተደሰተ። ደስታውም በደብዳቤ መጣ፤ ሊቀ ገጽ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ አነበበው። የታች ሰፈር ልጆች በሦስት ወር የደከሙትን ድካም የአገሪቱ ልጆች ሁሉ እንዳይደክሙት፣ ከአሁን ጀምሮ መጻሕፍት ተነብበው ይላካሉ ይላል። ለማረጋገጫም በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ የየከተማው ሊቀ ገጽ «አንብቤዋለሁ» ብሎ ይፈርማል። ቀደም ሲል የተሰጡት ያልተነበቡ መጻሕፍት ተሰብስበው ይመለሱ።

በዚያው ሳምንት አርባዎቹ ተሰበሰቡ። በምትካቸው መቶ ሃያ ሽፋን መጣ፤ ሦስቱንም ሣጥን በአንድ ትከሻዬ ተሸከምኳቸው። ውብ ሽፋኖች ናቸው፤ ወፍራም፣ ባለ ቀለም፣ ርእሳቸው በወርቃማ ፊደል የተጻፈ። ሊቀ ገጽ መቶ ሃያውንም ሲፈርም አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶበታል፤ እጁ አብጦ በሻሽ ታስሯል።

ልጆቹ በሣጥኖቹ ዙሪያ ተቀመጡ። እማዋይሽ የመረከቢያ ወረቀቱ ላይ ፈረመች፤ ብእሩን ስትመልስልኝ አላየችኝም። እንደገና ወደ ግድግዳው እንደምትሄድ ጠረጠርኩ።

ፋናዬ አንዱን ሽፋን አንስታ ርእሱን አነበበች። «የሁለቱ ወንድማማቾች በር» ይላል። ከፈተችው። አዙራ አየችው።

«እትዬ፣ የዚህስ ውስጡ ማን ጋ ነው?»

አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሊስቅ ሲል ሌላው ገፋው። ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። በእነሱ ሰፈር ባዶ ሽፋን ማለት ገጾቹ የሆነ ሰው ቤት አሉ ማለት ነው፤ መሮጥና መጠየቅ ነው። እማዋይሽ ሽፋኑን ተቀበለቻትና ውስጠኛውን ጎን አየች። ፊርማውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ክቡር ሊቀ ገጽ ጋ ነው» አለች። ድምጿ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። «አንብበውታል።»

«መቶ ሃያውንም?»

«መቶ ሃያውንም።»

ልጆቹ ተያዩ።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ፤ የመረከቢያ ወረቀቱን ማስረከብ ነበረብኝ። ዘበኛው ስልሳ ሁለት ልጅ ሲመጣበት ሣጥኑን ትቶ ተነሳ። ልጆቹ ጫማቸውን አራግፈው ገቡና ወለሉ ላይ፣ በቆሙት ቃለ ጉባኤዎች መሐል፣ በረድፍ ተቀመጡ። እማዋይሽ በሩ ላይ ቀረች። ፋናዬ ሽፋኑን በሁለት እጇ ይዛ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምንድን ነው የፈለጋችሁት?» አለ ሊቀ ገጽ።

«ያነበበ ይናገራል፣ ጌታዬ» አለች። «በእኛ ክፍል ደንቡ እንደዚያ ነው።»

ሊቀ ገጽ ወደ ጸሐፊው ተመለከተ። ጸሐፊው ሽፋኑን ገለጥ አድርጎ አየና በቀስታ ዘጋው። «ፊርማው የእርስዎ ነው» አለ። ሊቀ ገጽ ወደ ሦስተኛው ሰውዬ ተመለከተ፤ ሰውየው ራሱን በመስማማት ነቀነቀ፣ ከማን ጋር እንደተስማማ ግን አልታወቀም። አላነበብኩትም ማለት ላይኛው ቤት የላከው መጽሐፍ አልተነበበም ማለት ነው። ያንን ደግሞ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተናገረ ሰው የለም።

ሽፋኑን ወደ ራሱ ሳበው። ርእሱን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ» አለ።

«እሺ» አሉ ልጆቹ።

«በር ነበራቸው።»

«የእንጨት ነው የቆርቆሮ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«የእንጨት።»

«ማን ሠራው?»

ሊቀ ገጽ በታሰረው እጁ ግንባሩን ጠረገ። ልጆቹ ግርግሙ ላይ የወጣ ጓደኛቸውን እንደሚጠብቁት ጠበቁት። በኮሪደሩ የዘበኛው ሳል ብቻ ይሰማል።

«አባታቸው» አለ በመጨረሻ። «አባታቸው ነው የሠራው። ቤት ግን አልሠራም። በሩን ብቻ ሠርቶ ሞተ።»

«ለምን?» አለች ፋናዬ።

ሊቀ ገጽ ቀና አለ። ጥያቄው እርሱንም የገረመው ይመስላል። «ለምን እንደሆነ ታላቅየው ያውቃል» አለ፣ ወንበሩን ወደፊት እየሳበ። «ለታናሹ ግን አልነገረውም። ምክንያቱም በሩ የተሠራበት እንጨት...»

ደብተር ሲገለጥ ተሰማ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ።

«ቀስ ይበሉ ጌታዬ» አለችው ፋናዬ፣ የእርሳሷን ጫፍ ምላሷ ላይ እያስነካች። «እየጻፍን ነው።»